«አያስፈልግም» ያለችው እናት፦ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ በማስረጃ ላይ ስለሚመሠረት ውሳኔ



«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል ያገራችን ሰው፣ ያልደረሰበትን ነገር ለደረሰበት ሊያስረዳ የሚነሣውን ሲተርብ። የማዋለድ ሙያ ሳስተምር ይህ ተረት ከጆሮዬ አይጠፋም። ማስረጃ ይዘን የምንሄደው አምስትና ስድስት ልጅ ወልደው ወዳሳደጉ እናቶች ነውና።

ደጀንን እንውሰድ። ከተማዋ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አውራ ጎዳናው በመካከሏ ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአፋፉ ቁልቁል በቆላው ለሚኖር ቤተሰብ ግን መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በአቀበት ነው። ምጥ ሌሊት ከጀመረ ጎረቤት መጥራት፣ ቃሬዛ ማዘጋጀት፣ ዳገቱን መውጣት፣ ከዚያም መኪና መጠበቅ አለ። ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። እንደ ደጀን ባለ መልክዓ ምድር ግን የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይውጠዋል። ምጥ ከመጣ በኋላ የሚወሰን ውሳኔ፣ ብዙ ጊዜ፣ ያለፈበት ውሳኔ ነው። ጤና ጣቢያዎች የነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ የሚያዘጋጁትም ለዚሁ ነው፤ እናቲቱ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ በአቅራቢያ እንድትቆይ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 10 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በተቋም ያልወለዱት ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ «አያስፈልግም» ብለው መለሱ፤ ሦስት ያህሉ ደግሞ «ልማድ አይደለም» አሉ። በ2016ቱ ዳሰሳ በተቋም መውለድ ወደ 26 በመቶ፣ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ ወደ 48 በመቶ አድጓል። ለውጡ ትልቅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን «አያስፈልግም» የሚለውን ቃል እንደ አላዋቂነት ቆጥረን ማለፋችን ነው።

ቃሉ ክርክር ነው። «አምስቱን በቤቴ በሰላም ተገላግያለሁ» የምትል እናት የራሷን ማስረጃ እያቀረበች ነው። ልንመልስላት የሚገባውም በማስረጃ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት ከሚፈሳቸው እናቶች አብዛኞቹ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል የተለየ ምልክት የላቸውም፤ ስለዚህ ያለፈው ሰላም ለመጪው ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ደጋግሞ የወለደ ማኅፀን ከወሊድ በኋላ አጥብቆ ለመኮማተር ሊሰንፍ ይችላል። ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሚሰጠው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ መርፌው ያለው ግን ጤና ጣቢያ ነው። ይህን በዚህ መልክ፣ ሳንቆጣና ሳናስፈራራ የነገርናት ስንቶቻችን ነን?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልምጣ። ተቋምን የሚሸሹ እናቶች ሌላም ነገር ይናገራሉ። በቤት እናትና ጎረቤት ከብበዋቸው «ማርያም ማርያም» እያሉ ያበረታቷቸዋል፤ በተቋም ብቻቸውን በር ይዘጋባቸዋል፤ በቤት ተንበርክከው ወይም ተደግፈው ያምጣሉ፤ በተቋም በጀርባቸው እንዲንጋለሉ ይታዘዛሉ። ማስረጃው እዚህ ላይ ለማን ይፈርዳል? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ 26 የሙከራ ጥናቶችንና ከ15,000 በላይ ሴቶችን አካቷል። በምጥ ጊዜ ያልተቋረጠ የሰው ድጋፍ ያገኙት በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ዕድል ያነሰ፣ ምጣቸውም ያጠረ ሆኖ ተገኝቷል። በምጥ መጀመሪያ ደረጃ ቆሞ መንቀሳቀስም ምጡን ያሳጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የምትወልድበትንም አቀማመጥ ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል። ማስረጃው ከእናቲቱ ጋር ነው ማለት ነው፤ መማር ያለብን እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብኝም። በማማጫው ጊዜ ቀጥ ብሎ መውለድ በመሣሪያ መጎተትንና መቅደድን ቢቀንስም፣ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የመፍሰስን ዕድል ሊጨምር እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህንንም ልንነግራት ይገባል። የሚስማማንን ግማሽ ብቻ መንገር ማስረዳት ሳይሆን ማግባባት ነው።

የፈቃድ ቅጽም እንዲሁ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ተቋም ያየሁትን አልረሳውም፤ እናቲቱ እያማጠች ወረቀቱ በር ላይ ለቆመው ባለቤቷ ተሰጠ፤ እሱም ሳያነበው ፈረመ። እሷን የጠየቃት የለም። ሕጋዊው ነገር ተሟልቶ ይሆናል፤ ውሳኔው ግን የማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ መናገር አልችልም። ባልና አማት ሊመክሩ ይገባል፤ ቃሬዛውን የሚያሸክሙት፣ ለመኪናው የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ምክሩ ግን በስምንተኛው ወር፣ ቡና እየተጠጣ፣ እሷም እየተናገረች ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠሩት የነፍሰ ጡሮች ጉባኤ ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው።

ለማኅበረሰብ ልምምድ ወደዚያ አካባቢ የምትወጡ ተማሪዎች አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አታስተምሩ። «ለምን አያስፈልግም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በራሷ ቃል ጽፋችሁ አምጡልኝ። ከዚያ የትኛው መልስ በጥናት እንደሚደገፍ፣ የትኛው እንደማይደገፍ በክፍል አብረን እንመረምራለን።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።