ተረቱ ይጠይቅ፣ ዓይን ይመልስ
(ለተማሪዎች ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ይሉናል። «ተረትማ ማታ እሳት ዳር እኛም እንነግራቸዋለን። ትምህርት ቤት የላክናቸው ሳይንስ እንዲማሩ ነው።» ነገሩ ልክ ነው። ግን ተረትና ሳይንስ ጠላቶች አይደሉም።

ልጅ «ወባን የምታስተላልፍ ቢንቢ ናት» የሚለውን ቃል በአንድ ቀን ይሸመድዳል። ከብት ሲጠብቅ ግን ቢንቢ ከምትራባበት ውሃ አጠገብ ተቀምጦ አያውቃትም። ቃሉ አፉ ላይ አለ፤ ነገሩን ግን አላየውም። ስለዚህ እኛ በተረት እንጀምራለን። ጽፈን የምናነብላቸው ተረት ይህ ነው።

ቢንቢ ለልጆቿ ቤት ስትፈልግ ወደ ወንዝ ሄደች። ወንዙ «ጎርፌ ይወስዳቸዋል» አላት። ወደ ጫካ ሄደች። ጫካው «እኔ ዘንድ ፀሐይ የለም» አላት። በበቆሎ ማሳ ዳር ግን በከብት ኮቴ ላይ የተጠራቀመች ትንሽ ውሃ «ነይ፣ እዚህ እደሪ» አለቻት። በቆሎውም ከላይ ሆኖ «ልጆችሽን እኔ እቀልባቸዋለሁ» አላት።

ልጆቹ ወዲያው «በቆሎ ቢንቢን እንዴት ይቀልባል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይሄኔ ደብተሩን አጥፈን «ኑ፣ እንየው» እንላለን። ከኮቴው ውሃ በነጭ ጣሳ እንቀዳለን። ውሃው ላይ ጋደም ብለው የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን ትሎች ይታያሉ። እነዚህ የወባ ቢንቢ እጮች ናቸው። ጠርሙስ ውስጥ አድርገን አፉን በስስ ጨርቅ እናስራለን። እንደ ሙቀቱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ክንፍ ያወጣሉ። ልጆቹ ያዩትን ይጽፋሉ። ከዚያ ቢንቢዎቹን ገድለን ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ እንደፋዋለን።

በቆሎውስ? በብዙ ቦታ «የበቆሎ አገዳ መብላት ወባ ያመጣል» ይባላል። አገዳ ወባ አያመጣም። ግን አባባሉ ባዶ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ቡሬ ላይ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ተመራማሪዎች መርምረው በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራበት አካባቢ ወባው ከሌላው እጅግ እንደሚበዛ አሳዩ። በቆሎ ሲያብብ የሚረግፈው ዱቄት ውሃ ላይ ይወድቃል። እጮቹ ያን በልተው ይፋፋሉ፤ ብዙዎቹም ቢንቢ ለመሆን ይበቃሉ። እንግዲህ በቆሎና ወባ በአንድ ወቅት መምጣታቸውን ያየ ሰው ዓይኑ አልዋሸውም። መንገዱን የገለጠው ግን ምርመራ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መጥቶ «አባባ፣ በቆሎውን ከቤት ራቅ አድርገን እንዝራ» ቢላችሁ፣ «ልጅ ምን ያውቃል!» አትበሉት። የጓሮ እሸት የክረምት ጉርስ መሆኑን እናውቃለን። ማራቅ ባይቻል እንኳ በዙሪያው ውሃ የሚያቁረውን ጉድጓድ አብራችሁት ድፈኑ። ማታ አጎበር ሥር ተኙ። ትኩሳት የያዘውን ሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ተረትን ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሲያልቅ ግን አንድ ቃል ጨምሩ። «እውነት ይሆን? ነገ ሄደን እንየው» በሏቸው።