ደረሰኙ ላይ «ክሬም 1» ተብሎ ሲጻፍ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ወደ መድረክ ስንወጣ መዋጮ ያልከፈለ ሊጠራ ነው ተብሎ ይታሰባል። ዛሬ ስም አንጠራም። የምንናገረው ስለ ቆዳ ክሊኒክ ነው። ሒሳብና ቆዳን ምን አገናኛቸው ለምትሉ፣ ያገናኛቸው አንድ ደረሰኝ ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛበት የወሰደችውን ብድር ፊቷን ለመታከም አዋለችው። መጀመሪያ የነበረባት ማድያት ብቻ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ስም ባልተጻፈበት ብልቃጥ የተቀላቀለ ቅባት ሰጣት። በጥቂት ሳምንት ፊቷ ጠራ፤ እኛም «አማረብሽ» አልናት። ይህን ስናስታውስ እናፍራለን። ከወራት በኋላ ቆዳዋ ሳሳ፣ የደም ሥሮቿ ጉንጯ ላይ ታዩ፣ ብጉር ወረሳት። ቅባቱን ስታቆም ይብስባታል፣ ስትቀባው ጋብ ይላል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን። «ምን ነበር የምትቀቢው?» አላት። ደረሰኙን አወጣን። «ክሬም 1» ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ጠንካራ ስቴሮይድ ሳይሆን አይቀርም አለ። እንደ ክሎቤታሶል ያለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ የሚጠቅም ነው፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳ ያሳሳል። ቆዳ እናቀላለን ከሚሉ ቅባቶች በአንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይገኛል፣ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ብልቃጡ ላይ ስም ከሌለ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሐኪሙም በግምት ለማከም ተገደደ።

በሥራችን የክሊኒክ መዝገብ ይዘን ስለምናውቅ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የክሊኒክ ንጽሕና በሚያብረቀርቀው ወለል አይለካም፤ የዕቃ ካርዱ ይናገራል። በወር 60 ሰው በመርፌ ታክሞ ከመጋዘን የወጣው መርፌ 25 ከሆነ፣ ቀሪዎቹ 35 ሰዎች በምን ታከሙ? የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ በጨርቅ ተጠርጎ የሚጠፋ አይደለም። የታሸጉ መሣሪያዎች በእንፋሎት መቀቀያው በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያህል መቆየት አለባቸው፤ ያ ሙቀትና ሰዓት በየቀኑ የሚጻፍበት መዝገብ ሊኖር ይገባል። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። አፉ ድረስ ሞልቶ መርፌ ብቅ ብሎ ካያችሁ ሌላውም እንዲሁ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም።

«እንዴት እንጠይቃለን፣ ነውር አይሆንም?» ያለችን እህት ነበረች። ሽንኩርት ስንገዛ ሚዛኑን እናያለን እኮ። መርፌው ከነእሽጉ ፊታችን ይከፈት ማለት፣ የፈቃድ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ መፈለግ፣ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍልኝ ማለት ስድብ አይደለም። መልካም ክሊኒክ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ሳይጠየቅ የሚያሳዩ አጋጥመውናል።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንመለስ። የሕክምና ድጋፍ ሣጥኑ ከሚመጣው ወር ጀምሮ የመድኃኒቱ ስም ያልተጻፈበትን ደረሰኝ እንዳያወራርድ ለኮሚቴው ሐሳብ አቅርበናል። ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ፤ በተጎዳች ላይ ቅጣት መጨመር ይሆናል የሚል ክርክር በኛም መካከል ተነሥቷል፣ እውነትም አለው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደረሰኝ የያዘች እህት ብቻዋን አትመለስም፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእኛ አንዷ አብራት ሄዳ ዝርዝሩን ታስጽፋለች።

ይህን እንድንናገር የፈቀደችው ባለታሪኳ ራሷ ናት፤ እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ብድሯ ተራዝሞላታል፣ ሦስት ክፍያ ቀርቷታል። ሱቋን ከፍታለች፤ ፀሐይ ስለማይስማማት ጥላ ይዛ ነው የምትቆመው።