ወተት የሳንባን አቧራ አያጥብም
(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ቆሜ የምናገረው የተማርኩ ሰው ሆኜ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ማቅለጫ ስለ ሠራሁ፣ አምና ደግሞ የሥራ ጓደኛዬን በዚሁ ዕድር ስለ ቀበርን ነው።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የቀለጠው ብረት ከአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ሲረጋ አሸዋውን በመዶሻ መትቶ ማራገፍ የእኔና የእሱ ድርሻ ነበር። አቧራው ሰውን ከሰው አያሳይም። አፍንጫችንን በሻሽ እናስራለን፤ ማታ ወተት ይሰጠናል። «ጠጡ፣ አቧራውን ያጥበዋል» እንባላለን፤ እኛም አመስግነን እንጠጣለን።

ምን አለፋችሁ፣ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ፣ አቧራው የሚገባው ወደ ሳንባ! ዐይን የሚያየው ትልቁ አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ክፉው ዐይን የማያየው፣ ሻሹን ዐልፎ እስከ ሳንባ ጥግ የሚዘልቀው ነው። በአሸዋው ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባለው ነገር ሳንባን ያጠብሰዋል፤ በሽታውን ሐኪሞች ሲሊኮሲስ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ተደብቆ ይቆያል፤ ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። ጓደኛዬ የነቀርሳ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሶ ሳሉ አልለቀው ሲል ነው አንድ ሐኪም «ሥራህ ምን ነበር?» ብሎ የጠየቀው። ጥያቄው ደግ ነበር፤ ግን መሽቶ ነበር።

ነገሩ በሠራተኛው ብቻ አያበቃም። እኔ ቱታዬን እንደ ለበስኩ እቤት እገባ ነበር፤ ልጆቼ ሮጠው ይጠመጠሙብኛል፣ ባለቤቴም ቱታውን አራግፋ ታጥበዋለች። አቧራውን ለቤተሰቤ ተሸክሜ የማመጣው እኔው ነበርኩ ማለት ነው።

የፋብሪካ ጢስም አጥር አያግደውም። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድኾች መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከመንደሩ ጥግ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ተከፈተ። እርሳስ የሚባለው ብረት በጢስና በአቧራ ገብቶ ደም ውስጥ ይዘዋወራል፣ አጥንት ውስጥም ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በጥቂቱ ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች የፋብሪካው ሠራተኛ ሕፃን ልጇ ታሞ ሲመረመር በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። እሷም ሥራዋን ትታ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ቆመች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ቢሽረውም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 መልሶ አጸናው። ካሣው ግን የሞተውን አይመልስም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ቱታ እዚያው ሥራ ቦታ ይውለቅ፤ ቤት ከመጣም ሳይራገፍ ለብቻው ይታጠብ። አቧራ ከመነሣቱ በፊት አሸዋው በውሃ ይራስ። ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ይቅር። ደቃቁን አቧራ የሚያጣራ ጭምብል እንጠይቅ። ጥያቄው ልመና አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ሐኪም ቤት ስንሄድም ሳንጠየቅ ሥራችንን እንናገር።

ለዕድራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በሰፈራችን ባትሪ የሚያቀልጥ ካለ ሦስት ሽማግሌዎች ቀርበው ያነጋግሩት። እሱም እንጀራ ፈላጊ ነውና በጠብ አንጀምር፤ አልሰማ ካለ ግን ለወረዳው እናመልክት።

ጓደኛዬን በደንብ ቀብረነዋል፤ ድንኳኑም ንፍሮውም አልጎደለም። ያቺ «ሥራህ ምን ነበር?» የምትለው ጥያቄ ግን ከእኛ ከዕድርተኞቹ ቀድማ ብትመጣለት ኖሮ ምናልባት ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።