በናይሮቢ ስላየሁት የሰዓት አቆጣጠር



ናይሮቢ ስቀመጥ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ኬንያዊው በስዋሂሊ ሲናገር እንደ እኛው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ጧት «ሳ ታቱ» ካለ የእኛው ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን ዘጠኝ ይላል። ከባለ ሱቁ ጋራ በሦስት፣ ከመምህሩ ጋራ በዘጠኝ ይቀጣጠራል፤ አንዱም አይምታታበት። (ቡናቸውን ለውጭ አገር ሸጠው እነርሱ ሻይ በወተት መጠጣታቸውን ግን እስካሁን አልለመድሁትም።)

ስዋሂሊ ከእንግሊዝኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ተብሎ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ነጻነት ከተገኘ ከ46 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ሰዓታችንንም ፊደላችንንም አልለቀቅንም እያልን እንኮራለን። ነገር ግን በዚህ ግቢ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የተማርነውን ለእናቶቻችን በምን ቃል እንደምናስረዳቸው መምህራን ቢነግሩን እወዳለሁ።