በሽተኛውን ከጓዳ እናውጣ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በየቤታችን ጓዳ ተኝተው ስለ ቀሩ አባቶችና እናቶች ነው።

እኛ የነገሌ ቦረናና የአካባቢዋ ቆላ ከተሞች ልጆች ለዕረፍት አገራችን በገባን ጊዜ አንድ ጎረቤታችንን ልንጠይቅ ሄድን። እኒህ ሰው በከብት ገበያ የታወቁ፣ በሽምግልናም የሚደመጡ ነበሩ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ግን አራት ወር ሙሉ ደጅ አልወጡም። ልጆቻቸው ያጎርሷቸዋል፣ ያጥቧቸዋል፤ «እንዳይደክሙ» እያሉም ከአልጋ አያስነሷቸውም። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ «ዛፉ ሥር አሁን ማን ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አጣን። በቦረና ባህል ነገር የሚቆረጠው በዛፍ ጥላ ሥር ነውና፣ ከዚያ የቀረ ሽማግሌ ከእግሩ ጋራ ድምፁንም ያጣል።

አንዳንዱ ይህን በሽታ «መጋኛ ነው» ይላል። ነገር ግን ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲታገድ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሲፈነዳ ነው፤ ከመንሥኤዎቹም ዋነኛው የደም ግፊት ነው። የሞተው የአንጎል ክፍል ባይመለስም የተረፈው በልምምድ ብዙ ሥራ ሊማር ይችላል። ያልተሠራበት እግር ግን ይከሳል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። እንግዲህ ከፍቅር የተነሣ አስተኝተን የምናቆያቸውን ሰዎች ሳናውቅ እየጎዳናቸው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አስቀድሞ ሐኪም ግፊታቸውን ለክቶ ለመራመድ ይፍቀድላቸው። ከዚያም ማለዳ፣ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ይውጡ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ ኋላም እስከ ጎረቤት ይሁን። ከዘራው በደኅናው እጅ ይያዝ። ደጋፊው በደከመው ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ቀበቷቸውን ይያዝ እንጂ የደከመውን ክንድ አይጎትት፤ ትከሻቸው ሊወልቅ ይችላልና። ነጠላ ጫማ ቀርቶ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። አንድ ልጅ በርጩማ ይዞ ይከተል። ባጃጅና ጋሪ ከሚበዛበት መንገድም ይራቁ። ራሳቸውን ቢያዞራቸው ወይም ደረታቸውን ቢወጋቸው መራመዱን ያቁሙ፤ ሐኪምም ይያቸው። ፊታቸው ቢጣመም፣ ክንዳቸው ቢዝል፣ አንደበታቸው ቢተሳሰር ግን ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። የግፊት መድኃኒትም «ተሻለኝ» ተብሎ አይቋረጥ።

«ሰው ምን ይለናል?» የሚል ቤተሰብ አለ። መታመም ነውር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ ወጥቶባቸው ነበር። በእኛ ከተማ መንገድ መዝጋት አያሻም፤ በር መክፈት ይበቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን በሰፈራችን ያለ አንድ በሽተኛ ቤት እንድንገባና ከቤተሰቡ ጋራ ተራ እንድንይዝ እንጠይቃለን።

ከመመለሳችን በፊት እኒያ ጎረቤታችን ሐኪም ካያቸው በኋላ በልጃቸው ተደግፈው እስከ አጥሩ ደረሱ። ዛፉ ገና ሩቅ ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ሆነው አዩት።