መብራቱ ወደ መሬት ይብራ

እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከፍታው ለሥራው ምቹ ነው፤ ፈተናው ከሥር የተዘረጋችው አዲስ አበባ ናት። ደመናው ሳይቆጠር፣ ወደ ላይ የሚረጨው የከተማ ብርሃን አየር ላይ ባለው አቧራና እርጥበት ይበተንና ደብዛዛ ከዋክብትን ይውጣቸዋል። ተመራማሪዎች ለሌላ የምልከታ ጣቢያ የላሊበላን ተራሮች ያጠኑት ያለምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ቴሌስኮፖቹ ባሉበት ተራራ ላይ ነውና የመብራቱ አተካከል ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው።

«መብራት ያልደረሰው ሕዝብ እያለ ስለ ከዋክብት መጨነቅ ቅንጦት ነው፤ ጨለማ ለሌባ ይመቻል» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን አምፖሉ ላይ አለ፦ ከላዩ ክዳን ያለው፣ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ መብራት መንገዱን ያሳያል፤ ያለክዳን የተሰቀለው ደግሞ ዓይን እያጥበረበረ ከጀርባው የቆመውን ሰው ይሸፍናል፣ የተከፈለበትንም ኤሌክትሪክ ለሰማይ ይበትናል። እንደ ጥሊሊና እንጅባራ ያሉ ትናንሽ ከተሞች ደግሞ መብራታቸውን ከጅምሩ በክዳን የመትከል ዕድሉ ገና በእጃቸው ነው። በመካከላቸው ባለው ዘንገና ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሁሉ ክዳኑን ከአምፖሉ ጋር አብሮ ይግዛ፤ ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ከመቀየር ይረክሳል።