የአንጎል ወባ በካርድና በኮድ፦ በደቡብ ቆላ ከተሞች

የአንጎል ወባ የሚባለው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተገኘበት ሰው ራሱን ስቶ፣ ለዚህም ሌላ ምክንያት ሲታጣ ነው። ጥገኛ ተሕዋሱ የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተለጠፉ ዝውውሩን ያውካሉ። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የዚህ ሕመም ኮድ ቢ50.0 ነው። ሌላ ውስብስብ ችግር ያስከተለ ፋልሲፓረም ቢ50.8 ይሰጠዋል፤ ዝርዝሩ ያልተገለጸው ቢ50.9፣ የተሕዋሱ ዓይነት እንኳ ያልታወቀው ወባ ደግሞ ቢ54 ውስጥ ይገባል። ኮድ የሚሰጠው የጤና መረጃ ባለሙያ ታማሚውን አያየውም። የሚያየው ካርዱን ነው። ስለዚህ ራሱን የሳተ ሕፃን በሪፖርት ላይ ተራ ወባ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው ሐኪሙ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው።

በደቡብ ቆላ ከተሞች ካርዱ የሚሞላበት ሁኔታ የራሱ ባሕርይ አለው። ነጌሌ ቦረና ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በገናሌና በዳዋ ተፋሰሶች መካከል ትገኛለች። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ግድም ይጥላል፤ ወባም የውኃ ማቆሪያውን ተከትላ ትነሣለች። አርብቶ አደሩ ከከብቱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ አንድ ሕፃን በአንዱ ወረዳ ታሞ በሌላው ሊታከም ይችላል። ቤተሰቡ የሚናገረው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ ካርዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የልጁ ስም በጤና ኬላው፣ በጤና ጣቢያውና በሆስፒታሉ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ዕድሜውንም ቢሆን ቤተሰቡ በዓመተ ምሕረት ላይናገር ይችላል፤ በቦረና ዘመን በአባ ገዳው ሥልጣን ይቆጠራልና። «አዋቂ» ወይም «ሕፃን» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም፤ የንቃት መለኪያውም የመድኃኒቱ መጠንም በዕድሜና በክብደት ይለያያሉ።

ከሁሉ የከበደው የንቃት ነገር ነው። አስታማሚ «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ሲል መቃዠትን፣ ማንቀጥቀጥን ወይም ፈጽሞ አለመንቃትን ሊናገር ይችላል፤ ሐኪሙ ይህን በቁጥር መመለስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መለያ ለአዋቂ በግላስጎ መለኪያ ከ11 በታች፣ መናገር ላልጀመረ ሕፃን በብላንታየር መለኪያ ከ3 በታች ነው። ታማሚው ተንቀጥቅጦ ከነበረ ራሱን የሳተበት ጊዜ ከማንቀጥቀጡ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየቱ መጻፍ ይኖርበታል፤ ከማንቀጥቀጥ በኋላ የሚመጣ ድንዛዜ በራሱ የአንጎል ወባ አይደለምና። የደም ስኳር ልኬትም ከነሰዓቱ ይሰፍራል፤ የስኳር ማነስ ያው መልክ አለው፤ ስኳር ተሰጥቶት የነቃ ልጅ ቢ50.0 አይባልም። የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ተወስዶ ከሆነ ውጤቱ፣ ካልተወሰደም ምክንያቱ ይጻፋል፤ ማጅራት ገትርን ያገለለው ማስረጃ እሱ ነው። ሰዓት ሲጻፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆን አለመሆኑ ቢለይ ደግ ነው። የወባ መድኃኒቱ የአርቴሱኔት መርፌ በመግቢያ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ስለሚሰጥ፣ የስድስት ሰዓት ስሕተት ቀላል አይደለም።

የደም ምርመራውም ወጥመድ አለው። ሕፃኑ ከጤና ኬላ ሲላክ በፊንጢጣ የሚሰጥ አርቴሱኔት ወስዶ ከሆነ ሆስፒታል ሲደርስ በአጉሊ መነጽር የሚታየው ተሕዋስ ሊያንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። የሪፈር ወረቀቱ የመጀመሪያውን ውጤትና የመድኃኒቱን ሰዓት ካልያዘ ምርመራው ነጻ ተብሎ ይመዘገባል፤ ኮዱም አብሮ ይወድቃል። በተቃራኒው ደግሞ ፈጣን መመርመሪያው የሚለየው የተሕዋሱ ፕሮቲን ከሕክምና በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ በቅርቡ ወባ ታክሞ የነበረ ሰው በሌላ በሽታ ራሱን ቢስት ጥፋቱ በወባ ላይ ይላከካል። ያለፈው ሕክምና ቀን የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ አብረው ሲገኙ ምደባው ቢ50 ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም ተሕዋሳት የተለመዱ ስለሆኑ ደንቡ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የመጨረሻ ምርመራው ሳይታወቅ የቀረ ታማሚ ካርድ ላይ «ወባ ወይም ማጅራት ገትር ይሆናል» ብሎ ከመዝጋት፣ የታየውን ምልክት መጻፍ የምደባው መመሪያ የሚመክረው ነው፤ ምንነቱ ያልተለየ ራስን መሳት አር40.2 አለው። የጤና መረጃ ባለሙያውም አርቴሱኔት መታዘዙን አይቶ በሽታውን ከመድኃኒቱ ሊገምት አይገባም። መጠየቅ እንጂ መገመት ሥራው አይደለም።

አንጎልን የሚነኩ ሌሎች ጥገኛ ተሕዋሳትም በዚሁ የምደባው ክፍል ይገኛሉ። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ቢ68.1 ነው፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ቋት አይሠራም። ያንን የሚያደርገው የአሳማው ኮሶ ትል ሲሆን የአንጎል ቋቱ ኮድ ቢ69.0 ነው። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ግን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ እንቁላሉ ከትሉ ተሸካሚ ሰው በእጅና በምግብ ይተላለፋል። «አሳማ አልበላም» የሚል ቃል ምርመራውን አይዘጋም።

የሞት ምክንያት ሲጻፍ «ልብና ትንፋሽ ቆመ» ማለት የሞትን አኳኋን እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። የላይኛው መስመር የአንጎል ወባን፣ የታችኛው ፋልሲፓረምን ሲይዝ ሰንሰለቱ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ገደማ እንደሞተ ይነገራል፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ግምት ሆኖ የቀረው አብዛኛው ሟች ካርድም መዝገብም ስላልነበረው ነው።

በሕይወት የወጣው ታማሚ ካርድ ደግሞ በመውጫው ቀን ይጠናቀቃል፤ የነቃበት ሰዓት፣ የንግግር፣ የእግርና የእጅ፣ የማየት ሁኔታ ይሰፍራል። ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ይዘው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ቢ50.0 አይደገምም፤ ለሚጥል በሽታው ጂ40፣ ለወባው ጠባሳ ቢ94.8 ይሰጣል። ይህ ሁለተኛው ኮድ የሚቻለው ግን የመጀመሪያው ካርድ ሲገኝና የአንጎል ወባ መሆኑን በግልጽ ሲናገር ነው።